ቁልፍ የሌለው ማድ ቤት

ስለ ሕፃናት ደኅንነት በውጭ አገር የሚታተሙ በራሪ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከማድ ቤት ቁም ሣጥን ነው። በሩ ላይ የፕላስቲክ መቀርቀሪያ ግጠሙ፣ መሳቢያውን በማግኔት ቁልፍ ዝጉ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሣጥን ቆልፉ ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዳሚ ውስጥ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቶ ለሚኖር ቤተሰብ ማድ ቤቱም፣ መኝታውም፣ እንግዳ መቀበያውም አንድ ነው። ቁም ሣጥኑ ካርቶን ነው፤ መሳቢያው የአልጋ ሥር ነው፤ መደርደሪያው የመስኮት ደፍ ነው። ላምባው ከመጠጥ ውሃው ጎን፣ በረኪናው ከዘይቱ ጎን፣ የእናት መድኃኒት ከስኳሩ ጎን ይቀመጣል። ልጁም የሚድኸው እዚያው መሐል ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ቁም ሣጥን ያላቸውን ሰዎች ብቻ የሚመለከት አይደለም። እንዲያውም ባለ ቁም ሣጥኑ ቢያንስ አንድ በር አለው፤ የእኛ ዕቃ ግን በር የለውም። ይህ ጽሑፍ በአንድ ክፍል ውስጥ ትንሽ ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ ልጅ ለሚጠብቁ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች፣ እንዲሁም በሐርጌሳ በሰው ቤት ተቀጥረው ማድ ቤት ለሚያስተዳድሩ እህቶቻችን የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የሚያሳዩ አኃዞች አሉ። የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 በጋራ ባወጡት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ባልተፈጸመ አደጋ በየዓመቱ 830,000 ያህል ልጆች ይሞቱ ነበር። በ2004 ብቻ ከ20 ዓመት ዕድሜ በታች ካሉት መካከል በመመረዝ ከ45,000 በላይ፣ በእሳት ቃጠሎ ደግሞ ወደ 96,000 የሚጠጉ ሞተዋል። አብዛኛው ሞት የደረሰው በድኻና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። ምክንያቱ እዚያ ያሉ ወላጆች ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም። ምድጃው መሬት ላይ ስለሆነ፣ መርዙ በለስላሳ ጠርሙስ ስለሚሸጥ፣ እናትም ለዕለት ጉርስ ከቤት ስለምትወጣ ነው።

የልጁ እጅ እስከ የት ይደርሳል?

ልጅ ያገኘውን ሁሉ በአፉ መመርመር የሚጀምረው ከ6 ወር አካባቢ ጀምሮ ነው። ከ8 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ ይድኻል፤ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዕቃ ይዞ ይቆማል፤ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላው መወጣጣት ይለምዳል። 2 ዓመት ላይ ደግሞ እናቱ ስታደርግ ያየውን ሁሉ ይደግማል፤ ጠርሙስ ስትከፍት ካየ ጠርሙስ ይከፍታል፤ ክኒን ስትውጥ ካየ ክኒን ይውጣል። በመመረዝ ረገድ ከሁሉ የሚያሠጋው ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለው ዕድሜ ነው፤ እግርና እጅ ቀድመው ያድጋሉ፤ ማስተዋል ዘግይቶ ይደርሳል።

የ2 ዓመት ልጅ ቁመቱ 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ 1 ሜትር ያህል ይደርሳል። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ገፍቶ ከላዩ ላይ ከወጣ ደግሞ 1 ሜትር ከ40 ያለ ችግር ያገኛል። ስለዚህ «ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡ» ስንል ጠረጴዛ ወይም የመስኮት ደፍ ማለታችን አይደለም። ትልቅ ሰው ቆሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚደርስበት ቦታ ማለታችን ነው። ከሥሩም ጀሪካን፣ ዱካ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ ወይም ሌላ መወጣጫ የሚሆን ነገር መኖር የለበትም።

ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ወላጅ በክፍሉ መሐል ተንበርክኮ ዙሪያውን ይመልከት። ቆሞ ሲታይ የተደበቀ የሚመስለው ዕቃ ስንቱ ከልጁ ዓይን ፊት ለፊት እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። አልጋ ሥር የተቀመጠው የአይጥ መርዝ ለትልቅ ሰው የተሰወረ ነው፤ ለሚድኽ ልጅ ግን የመንገድ ዳር ሱቅ ማለት ነው።

ላምባ

ከቤት ውስጥ መርዞች ሁሉ በእኛ ዓይነት ኑሮ ላይ የበለጠ መነገር ያለበት ላምባ ነው። ዛሬ ኩራዝ እንደ ድሮው በየቤቱ አይበራም፤ ሆኖም ከሰል ለማያያዝ፣ መብራት ሲጠፋም ለፋኖስ ጥቂት ላምባ ያስቀመጠ ሰው ብዙ ነው። ላምባ የሚገዛ ሰው መያዣውን ራሱ ይዞ ይሄዳል። የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ባዶ የለስላሳ ወይም የውሃ ጠርሙስ ነው። ላምባ ቀለሙ ውሃ ይመስላል። ጠርሙሱም ልጁ ውሃ ሲጠጣበት የኖረው ጠርሙስ ነው። በሐርጌሳ ሙቀት የተጠማ ልጅ የሚያደርገውን መገመት አያዳግትም። ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ጠርሙስ ማለት የሚጠጣ ነገር መያዣ መሆኑን ያስተማርነው እኛው ነን።

ላምባ ለምን እንደሚገድል በትክክል መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ርዳታ ራሱ አደጋውን ያባብሳል። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በሆድ ላይ ሳይሆን በሳንባ ላይ ነው። ላምባ በጣም ቀጭንና በቀላሉ የሚስፋፋ ፈሳሽ ነው። ልጁ ሲጠጣው ትን ቢለው ወይም መልሶ ቢያስታውከው፣ ጥቂቱ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ከዚያም በሳንባ ውስጥ ይሠራጫል፤ ሳንባ ይቆስላል፤ አየር መቀበል ያቅተዋል። ሐኪሞች በኬሚካል ምክንያት የሚመጣ የሳንባ ምች ይሉታል። ለዚህ አንድ ጉንጭ እንኳ በቂ ሊሆን ይችላል። ሆድ ውስጥ የቀረው ላምባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል የከፋ ጉዳት ሳያደርስ ይወጣል።

ይህን የተረዳ ሰው ልጁን ለምን ማስታወክ እንደማይገባ ወዲያው ይገባዋል። ማስታወክ ማለት ላምባውን ሁለተኛ ጊዜ በጉሮሮ ማሳለፍ፣ ሳንባንም ሁለተኛ ጊዜ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ጣት በጉሮሮው አትክተቱ፤ የጨው ውሃ አታጠጡ፤ ዘይት አትስጡ። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት በአገራችን የቆየ ነው፤ ነገር ግን ላምባ የጠጣ ልጅ ሆዱ በወተት ሲሞላ የማስመለስ ዕድሉ ይጨምራል እንጂ መርዙ አይረክስም።

መደረግ ያለበት ይህ ነው። ጠርሙሱን ከልጁ ውሰዱ። በላምባ የራሰ ልብስ ካለ አውልቁ፤ ቆዳውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ላምባ በቆዳ ላይ ሲቆይም ያቃጥላልና፤ ሽታውም ወደ ሳንባ ይገባል። ራሱን የሳተ ልጅ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው ወደ ውጭ እንዲፈስ። ከዚያ ጊዜ ሳታጠፉ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ የጎኑ ሥጋ ወደ ውስጥ መግባት፣ የከንፈር መጥቆር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት የሳንባ ጉዳት ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሰዓት ውስጥ ይገለጣል። «ይኸው እየተጫወተ ነው፤ ምንም አልሆነም» ብሎ ቤት ማስቀረት ስለዚህ ትክክል አይደለም። የጤና ባለሙያ እነዚያን ሰዓታት ቢከታተለው ይሻላል።

መከላከሉ ከማከሙ እጅግ ይረክሳል። በዚህ ረገድ ከደቡብ አፍሪካ የተገኘ መልካም ተሞክሮ አለ። በዚያ አገር ድኻ ሠፈሮች ላምባ የዕለት ተዕለት ማገዶ ስለነበር በርካታ ሕፃናት ይመረዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በአገሪቱ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት እንደተገለጸው፣ ሕፃናት በቀላሉ የማይከፍቱት ክዳን ያለው የላምባ መያዣ ለየቤቱ በታደለበት አካባቢ ላምባ የሚጠጡ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። ሰዎቹ ሀብታም አልሆኑም፤ ቤታቸው አልሰፋም፤ ላምባ መጠቀምም አልተዉም። የተለወጠው ክዳኑ ብቻ ነበር።

ያ ክዳን ለእኛ እስኪደርሰን መጠበቅ አያስፈልግም። ለላምባ የሚሆን መያዣ የመጠጥ መያዣ የማይመስል፣ ባለ ጠባብ አፍ፣ በጥርስ የሚጠመዘዝ ክዳን ያለው መሆን አለበት። የ5 ሊትር የምግብ ዘይት ጀሪካን ለዚህ ይሆናል፤ ግን ሁለተኛ ዘይት አይጨመርበትም፤ ለውሃም አይውልም። ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ እሰሩበት ወይም ቀይ ቀለም ቀቡት፤ ማንበብ የማይችልም ሰው እንዲለየው። ክዳኑን በትልቅ ሰው እጅ አጥብቃችሁ ዝጉ። ከዚያም በላይ ጀሪካኑን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ከጣሪያው ማገር በሽቦ ወይም በገመድ አንጠልጥሉት። ከምድጃው በላይ ግን እንዳይሆን፤ አንዱን አደጋ ስንሸሽ ሌላውን እንዳንጠራ። ከሰል ለማያያዝ በጣሳ የቀዳችሁትን ትርፍ ላምባ ወዲያው ወደ መያዣው መልሱ። ጣሳ ውስጥ «ለነገ» ተብሎ የሚቀር ላምባ ነው ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራው። በሚነድ ወይም ፍም ባለበት ከሰል ላይ ላምባ ማርከፍከፍ ደግሞ ለትልቁም ለትንሹም ጠንቅ ስለሆነ ጨርሶ መደረግ የለበትም።

በረኪናና ሌሎች ማጽጃዎች

በረኪና እንደ ላምባው ሁሉ ከትልቅ መያዣ እየተቀዳ በውሃ ጠርሙስ ሲቀመጥ ይታያል። ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ እህቶቻችን ቤት ደግሞ በብዛት ይገኛል። ተራ የቤት በረኪና አንድ ጉንጭ የቀመሰ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አፉና ጉሮሮው ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል። ጠንካራው ዓይነት፣ የቱቦ መክፈቻ፣ ኮስቲክ ሶዳና የመኪና ባትሪ አሲድ ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። እነዚህ በነኩበት ቅጽበት ሥጋ ያቃጥላሉ። ልጁ ከሞት ቢተርፍ እንኳ ጉሮሮው በጠባሳ ጠቦ ለዓመታት ምግብ መዋጥ ሊያቅተው ይችላል።

ጉዳዩ ያገር ልዩነት የለውም። ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ሳሙና ለመሥራትና ለጽዳት የሚውል ኮስቲክ በየማድ ቤቱ ነበር፤ ጣሳው ላይም ምንም ማስጠንቀቂያ አልነበረም። በፊላደልፊያ ይሠሩ የነበሩ ቼቫሊየር ጃክሰን የተባሉ የጉሮሮ ሐኪም ጉሮሮአቸው የጠበበ ሕፃናት ሲበዙባቸው ማከሙ ብቻ እንደማይበቃ ተረድተው ለዓመታት ሲወተውቱ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1927 የወጣው ሕግ እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ላይ «መርዝ» የሚል ጽሑፍና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ እንዲለጠፍ አስገደደ። እኛ ከሱቅ በላስቲክ ወይም በባዶ ጠርሙስ የምንገዛው ግን ያ ጽሑፍ የተቀደደለት ነው። በተቻለ መጠን ማጽጃን በራሱ ዕቃ ግዙ። ካልሆነም ከዕቃው ላይ ትልቅ የ«ኤክስ» ምልክት ቀለም ቀቡበት። የባትሪ አሲድ ደግሞ ከመኖሪያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም።

ልጁ ከእነዚህ አንዱን ከጠጣ አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፤ ፊቱንና እጁን እጠቡ። ነቅቶ ካለና መዋጥ ከቻለ ጥቂት ጥቂት ውሃ ማስጎንጨት ይቻላል። ማስታወክ እዚህም ክልክል ነው፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣም ያቃጥላልና። አሲድን በሌላ ነገር «ለማርከስ» ሎሚ ወይም ሶዳ መስጠት ጉዳት ይጨምራል። ዓይኑ ውስጥ ከገባ ንጹሕ ውሃ ሳታቋርጡ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ ወደ ሐኪም ጉዞው ከዚያ በኋላ ይሁን።

በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶች አንድ ነገር እንጨምር። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ፣ ከአሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። «ሁለቱ ሲደባለቅ ያነጣል» የሚለውን ምክር አትቀበሉ።

የአይጥ መርዝና የተባይ ማጥፊያ ዱቄት ጥቂት ቃል ብቻ ይበቃቸዋል። መርዝ በዳቦ ወይም በዓሣ ለውሶ ወለል ላይ ማኖር ለአይጥ ብቻ ሳይሆን ለሚድኽ ልጅም ማጥመድ ነው፤ ልጅ ባለበት ክፍል ወጥመድ ይሻላል። ለከብት መዥገርና ለሰብል የተሠራ መድኃኒት ለትኋን ወይም ለልጅ ራስ ቅማል አይውልም፤ በቆዳም ሳይቀር ይገባል። ልጅ ድንገት ምራቁ ቢዝረበረብ፣ ቢያልበው፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ቢጠብ፣ ሰውነቱ ቢንቀጠቀጥ የተባይ መርዝ መሆኑን ጠርጥራችሁ ሩጡ።

ክኒን ከረሜላ አይደለም

ልጅ መድኃኒት አልውጥም ሲል «ከረሜላ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ለዛሬ ይሠራል፤ ነገ ግን ልጁ «ከረሜላውን» ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። መድኃኒት መድኃኒት ተብሎ ይጠራ። ትልልቆችም የራሳቸውን ክኒን በልጅ ፊት ባይውጡ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚረሳው ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የአይረን ክኒን ነው። ቀይ ወይም ቡናማ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ አንዳንዴም ከላይ ጣፋጭ ልባስ ያለው ነው። እናትን ይጠቅማል፤ ደምዋን ይተካል። ለሕፃን ግን ብዙው መርዝ ነው። የተለመደው አንዱ ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረን አለው። ዓመት ገደማ የሆነውና 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 10 ፍሬ ቢውጥ ለከባድ መመረዝ ከሚያሠጋው መጠን ይደርሳል። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለወር የሚሰጣት 30 ፍሬ መሆኑን አስቡ። ልጁ መጀመሪያ ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት የተሻለው ይመስላል፤ ሕመሙ ተመልሶ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያቺ የመሻል ጊዜ ብዙ ወላጆችን አታላለች። ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፤ ብዙ የዋጠ ልጅ በመጀመሪያው ቀን ደኅና መስሎ ጉበቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጎዳል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ አንድ ሁለት ፍሬ እንኳ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ አያቶች ያሉበት ቤት ይህን ልብ ይበል።

ዛሬ በብዙ አገር መድኃኒት የሚሸጠው «ተጭኖ በሚዞር» ክዳን ነው። ይህ ክዳን በስፋት የታወቀው በካናዳ ዊንድዘር ከተማ ሄንሪ ብሮ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ልጆች ክኒን እየዋጡ ሲመጡባቸው ባደረጉት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አሜሪካም በ1970 በሕግ አጸናችው። ይሁንና ክዳኑ ጊዜ ይገዛል እንጂ ፈጽሞ አይዘጋም፤ ሕጉ ራሱ የሚጠይቀው በፈተና ላይ ከሚቀርቡት ልጆች 80 ከመቶው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሳይከፍቱት እንዲቀሩ ነው። የቀሩት 20ዎቹ ይከፍቱታል ማለት ነው። እኛ ከፋርማሲ በወረቀት ከረጢት ወይም በላስቲክ የምንቀበለው መድኃኒት ደግሞ ምንም ክዳን የለውም። ስለዚህ ክዳኑ የቤታችን ቁልፍ መሆን አለበት። ከእንግዳ ቦርሳም ተጠንቀቁ፤ የሩቅ ዘመድ ሲመጣ ቦርሳው የሚቀመጠው መሬት ነው።

ቁልፍ እንዴት እናበጃለን?

ለአንድ ክፍል ቤት ከሁሉ የሚሻለው አንድ የሚቆለፍ ሣጥን ነው። የቆርቆሮ ሳንዱቅ ቢገኝ መልካም፤ ካልሆነ ከወዳደቀ ጣውላ የተሠራ፣ ማጠፊያና ጓጉንቸር ያለው ሣጥን ይበቃል። ዳሚ የብረትና የቆዳ ሠራተኞች የሚገኙበት ሠፈር እንደመሆኑ ማጠፊያና መቀርቀሪያ የሚሠራ እጅ ሩቅ አይደለም። በሣጥኑ ውስጥ መድኃኒት፣ በረኪና፣ የአይጥ መርዝ፣ ምላጭና መርፌ ይግባ፤ ምግብ ግን በፍጹም አብሮ አይግባ። ቁልፉ በአንገት ይንጠልጠል እንጂ በሣጥኑ ላይ አይሰካ። ላምባው በሽታው የተነሣ ለብቻው ይሁን።

ሳንዱቅ ለመግዛት አቅም ያነሰው ቤተሰብ ከጣሪያው ማገር ጠንካራ ከረጢት ወይም ቅርጫት አንጠልጥሎ መጠቀም ይችላል። ገመዱ ወደ ታች እንዳይንጠለጠል ብቻ ይጠንቀቅ፤ ልጅ ገመድ ካየ ይጎትታል።

ቁም ሣጥን ባለበት ቤት ለሚሠሩ ወይም ለሚኖሩ ደግሞ ዘዴው ይህ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት እጀታዎችን በአሮጌ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠፍሮ ማሰር ይቻላል፤ ላስቲኩ ትልቅ ሰው ያላቅቀዋል፤ የ2 ዓመት ልጅ ግን ኀይል ያንሰዋል። ልጁ እያደገ ሲሄድ መፍታቱን ይማራልና በየወሩ ፈትኑት። የቢላዋ መሳቢያ ከላይኛው ረድፍ ይሁን፤ ከኋላው ትንሽ እንጨት በምስማር ቢመታበት ከመጠን በላይ አይሳብም፤ ተነቅሎም ልጅ ላይ አይወድቅም። ልጆች የተከፈቱ መሳቢያዎችን እንደ ደረጃ ይወጡባቸዋል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ በሙሉ ሊገለበጥባቸው ስለሚችል ከግድግዳ ጋር በሽቦ ወይም በብረት ይያዝ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ቦታ ለማጽጃ መሆኑ በየአገሩ የተለመደ ነው፤ ግን የተለመደው ሁሉ ትክክል አይደለም። ማጽጃው ወደ ላይ፣ ድስትና ሰሐኑ ወደ ታች ቢለዋወጡ ቁልፍ እንኳ ባይኖር አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ዝቅ ያለ መሳቢያ ደግሞ ለልጁ ተዉለት፤ የእንጨት ማንኪያ፣ የፕላስቲክ ሰሐን፣ ክዳን ያኑርበት። የራሱ መሳቢያ ያለው ልጅ የሌላውን ለመክፈት ያለው ጉጉት ይቀንሳል።

ፍምና የፈላ ውሃ

ምድጃው መሬት ላይ ነው። ጀበናውም ረከቦቱም መሬት ላይ ነው። ቡና በሦስት ዙር ሲጠጣ ልጁ በጨዋታው መሐል በጀበናው አጠገብ ያልፋል። ከሰል ማንደጃው በክፍሉ ጥግ፣ በሁለት ግድግዳ መካከል ይቀመጥ፤ በፊት ለፊቱ ሣጥን ወይም ብሎኬት ይደርደር። ከሁሉ የሚሻለው የበሩ ግማሽ ቁመት ያለው የእንጨት አጥር አበጅቶ ልጁን ከማብሰያው ጥግ መለየት ነው። የድስት እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። ልጅ አዝሎ ወይም አቅፎ ወጥ ማማሰልና ቡና መቅዳት ይቅር። ፍም ያለበትን ማንደጃ ለሙቀት ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰብ በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል።

ልጅ ከተቃጠለ የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነው፤ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ በላዩ ላይ ማፍሰስ። በሐርጌሳ ውሃ በገንዘብ የሚገዛ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደቂቃ አንድ ሊትር ቢፈስ ለ20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሥሩ ሣፋ ብታስቀምጡ የወረደውን መልሳችሁ ልትቀዱት ትችላላችሁ። ቂቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን ውስጥ ያምቁታል፤ ቁስሉንም ለጀርም ያጋልጣሉ። የተጣበቀ ልብስ አትላጡ፤ ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ የቀረውን አካል እንዳይበርደው ጠቅልላችሁ ውሰዱ።

ጠባቂው ማን ነው?

ሣጥንም አጥርም ዓይንን አይተካም። ግን የማን ዓይን? እናት ጎህ ሲቀድ ለልብስ አጠባ ወይም ለቤት ሥራ ትወጣለች፤ አባት ካለ የቀን ሥራ ፍለጋ ነው። ልጁን የምትጠብቀው የ7 ወይም የ8 ዓመት እህቱ ናት። እርስዋም ልጅ ናት። በእኛ አመለካከት እርስዋን ከመቆጣት ይልቅ ሥራዋን ማቅለል ይገባል፤ ስትወጡ ምድጃውን አጥፍታችሁ፣ ሣጥኑን ቆልፋችሁ፣ ቁልፉን ይዛችሁ ውጡ። ምሳ ሳይሞቅ የሚበላ ይሁን። ከእርስዋ የምትጠብቁት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ ልጁን ከግቢ እንዳይወጣ ማድረግ፣ አደጋ ሲደርስ መጮኽ፣ የጎረቤት ትልቅ ሰው መጥራት።

ከዚህ የሚሻለው በአንድ ግቢ ያሉ ሦስት አራት እናቶች በተራ እየቀሩ የሁሉንም ልጆች ቢጠብቁ ነው። አማራ፣ ኦሮሞ፣ ሶማሌ ሳይባል ግቢ አንድ ከሆነ አደጋውም አንድ ነው፤ የአንዱ ቤት ላምባ የሌላው ልጅ ሊጠጣው ይችላልና። ጎረቤቶቻችንም ይህን ኑሮ የማያውቁት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በጦር አውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቧ ድንበር ተሻግሮ በአገራችን ሐርቲሼክ ላይ ሠፍሮ ነበር፤ ጣቢያው የተዘጋው በ2004 ነው። ዛሬ ዳሚ ውስጥ ከምናገኛቸው እናቶች ልጃቸውን በአንድ ጎጆ ከምድጃ ጋር ያሳደጉ አሉ፤ ብትጠይቋቸው ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ዘዴ ይነግሯችኋል።

አደጋ ሲደርስ መታወቂያ ወረቀት ወይም ገንዘብ ፍለጋ አትዘግዩ፤ አንድ ሰው ልጁን ይዞ ወደ ሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ሌላው ወረቀቱን ይዞ ይከተል። ልጁ የጠጣበትን ጠርሙስ ወይም የክኒኑን መያዣ ባዶም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። ምን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደጠጣ፣ ክብደቱ ስንት እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ሰዓት ስትናገሩ በእኛ ወይስ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ግለጹ። በሆስፒታል ለአንዳንድ መርዞች የሚሰጠው ጥቁር ዱቄት ከማንደጃ ከሰል ጋር አንድ ስላልሆነ ከሰል ፈጭቶ ማጠጣት አይገባም።

ሶማሊኛ ገና ያልለመዳችሁ እነዚህን አራት አባባሎች ለልጅ ጠባቂዎችም ጭምር አስጠኑ። «ኢልሙሁ ጋስ ቡ ዐባይ» ማለት ልጁ ላምባ ጠጣ ማለት ነው። መርዝ ከሆነ «ኢልሙሁ ሱን ቡ ዐባይ» ይባላል። ክኒን ከዋጠ «ዳዎ ቡ ሊቀይ»፣ ከተቃጠለ ደግሞ «ዉ ጉብተይ»። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉት።